ሰባተኛው የክብሪት እንጨት

ሞጣ፣ ጋሽ ኑሩ ጎማ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አገባሁ፤ ትዳሩም አልሆነ፤ አንዲት የልብስ ቦርሳ አንጠልጥዬ ሞጣ መጣሁ። ጋሽ ኑሩ ለገበያ ቢቸና ሲመጡ ዕቃቸውን እናቴ ቤት ያሳድሩ ነበርና፣ «ይቺ ልጅሽ እጇ ሥራ ይወዳል፤ የከፋት ቀን ላኪልኝ» ብለዋት ነበር። ከፋኝ፤ ላከችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይሉኝ የተነፋ የውስጥ ጎማ አስታቀፉኝ። «ቀዳዳውን አግኚው።»

ዓይኔ ውሃ ወደ ሞላው በርሜል ሄደ።

«ውሃ የለም እንበል። መንገድ ላይ ነሽ፣ በረሃ ነው እንበል።»

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከጎናችን ወፍጮ ቤት ነበር፤ ከወፍጮው ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም።

«ጆሮ ወሬ ይወዳል። ጉንጭሽን አምጪ» አሉኝ። ጉንጬን አስጠግቼ ጎማውን ቀስ እያልሁ ሳዞረው አንድ ቦታ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነካኝ፤ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ይመስላል። «እዚህ ጋ!» ብዬ ጮኽሁ። ጋሽ ኑሩ የክብሪት እንጨት ለሁለት ሰብረው አንዱን ግማሽ እቀዳዳው ውስጥ ሻጥ አደረጉት።

«ጠመኔ ውሃ ያጥበዋል። እንጨት ታማኝ ነው፤ ካስቀመጥሽው አይንቀሳቀስም» አሉኝ። «ልትጠግኚ ስትዪ ታወጪውና እዚች ሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ትጥያለሽ። ሥራ ስትጨርሺ እኔ እቆጥራለሁ።»

«እኔ አልቆጥርም እንዴ?»

«አንቺማ ትቆጥሪያለሽ። የጠገነ ሰው ግን የሚያየው ያሰበውን ነው። ስለዚህ አንዱ ይጠግናል፣ ሌላው ይቆጥራል።»

ይኸው ነበር የቤቱ ሕግ። ቀዳዳው ስንት እንደሆነ መጀመሪያ በቆርቆሮው በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ የሰርዲኗ ቆርቆሮ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ከገጠመ በሩ ይጠረጋል፣ ጎማው ይወጣል። ዓርብ ቀትር እሳቸው መስጊድ ሲሄዱ እኔ እሠራለሁ፤ እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሳቸው ይሠራሉ። ያን ጊዜ የተሠራው ሳይቆጠር ያድራል እንጂ አይወጣም።

የከባድ መኪና ሾፌሮች መጀመሪያ ሰሞን ያሾፉብኝ ነበር። አንዱ፣ «ጋሽ ኑሩ፣ በስተርጅና ሌላ አገቡ እንዴ?» አላቸው። «የለም፣ አለቃ ቀጠርሁ። ጎማህን አውርድና ተሰለፍ» አሉት። ከዚያ ወዲያ «አለቃ» ሆኜ ቀረሁ።

አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ሳለሁ፣ በጥር ወር፣ አንድ የአዲስ አበባ መኪና ደጃችን ቆመ። አንድ ሸበቶ ሰው ወርደው ከኋላ የታጠፈ ግራጫ ነገር እየጎተቱ አወጡ። የወደቀ ድንኳን ይመስላል። «ጎማ ትጠግናላችሁ አይደል?» አሉ።

ጋሽ ኑሩ ዞረው ዞረው አዩት። «የምን መኪና ጎማ ነው ይኼ?»

«ጀልባ ነው።»

ጋሽ ኑሩ ወደ ፊት አዩ፤ መናኸሪያው። ወደ ኋላ አዩ፤ ወፍጮ ቤቱ። «ባሕሩንስ ይዘውት መጡ?»

መኪናው ውስጥ የነበሩት ሴት ሳቃቸው ፈነዳ። ኢንጂነር ተሾመና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማን እንዲህ ነው የተዋወቁን። እሳቸው ዕድሜያቸውን መንገድ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። በበጋ፣ ዓባይ ሲጎድልና ጥልቁ ቦታ እንደ ኩሬ ሲረጋ፣ ከሞጣ በታች ወዳለው ሸለቆ ወርደው በዘንግና በመንጠቆ ዓሣ ያጠምዳሉ። ለመብል አይደለም፤ ለመዝናናት ነው። ይይዙታል፣ ፎቶ ያነሡታል፣ መልሰው ውሃው ውስጥ ይለቁታል። ጋሽ ኑሩ ይኼን ሲሰሙ፣ «ልትሸኙት ከሆነ ለምን ጠራችሁት?» አሏቸው። «እሱን እሷን ጠይቋት፤ የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔ የማወራው ነኝ» አሉ ኢንጂነሩ።

ያን ጀልባ እንደ መኪና ጎማ በማስቲሽ ለጠፍሁት። በማግሥቱ ኢንጂነሩ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ተመለሱ። ሞጣ ብርድ ነው፤ ዓባይ ግን ምድጃ ነው። ማስቲሹ በሙቀቱ ለስልሶ ልጣፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። ሰውየው አልተቆጡም። በሌላ ጊዜ ለጀልባ የተሠራ ማጣበቂያና ልጣፍ ይዘው መጡ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው እያነበቡ ተረጎሙልኝ፣ እኔ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍሁት፦ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፤ በቤንዚን ጥረጊ፤ ቀቢ፤ ጠብቂ፤ ድገሚና ቀቢ፤ ለጥፊ፤ ድንጋይ ጫኚበት፤ አሳድሪው። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ፤ በየዓመቱ አደምቀዋለሁ።

የቀረውን ራሴው እየሠራሁ ተማርሁት። ጀልባ እርጥቡን ከታጠፈ ይሻግታል። እታጠፈው መካከል አሸዋ ከቀረ ሲጎተት እንደ ሞረድ ይበላዋል። አይጥ ስለምትወደው ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። መቅዘፊያውን በኑግ ዘይት አሸዋለሁ። የዘንጉ ክር መጠቅለያ አሸዋ ሲገባበት ይንቃጫል፤ ፈትቼ በነጭ ጋዝ አጥብና፣ ከልብስ ሰፊው በለመንሁት የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ጠብ አደርግበታለሁ። ወሬው ተዳረሰ። በሁለተኛው ዓመት አራት ጀልባ ጓዳችን ውስጥ ተንጠልጥሎ ይከርም ጀመር። ጋሽ ኑሩ እያዩ፣ «ሞጣ ወደብ ሆነች» ይላሉ።

ታናሽ ወንድሜ ልየው የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ቢቸና ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቶ ትቶት ነበር። ጉልበታም ነው፤ ምላሱም አያርፍም። ኢንጂነሩ ቀዛፊ ሲፈልጉ እኔ ነኝ ያመጣሁት። በፊቴ ጠየቁት፤ «ዋና ትችላለህ?»

«የዓባይን ውሃ የጠጣ ሰው ይጠየቃል እንዴ፣ ጋሼ?» አላቸው።

ሳቁ፣ ቀጠሩት። ልየው ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም። የደጋ ልጅ ነው። እኔ ይኼን አውቃለሁ፤ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልሁ። የመንሳፈፊያ ሰደርያም ሰጡት፤ ይሞቀኛል እያለ መቀመጫ አደረገው። በሄደ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እል ነበር፤ ሲመለስ ደግሞ ረስቼው እስቃለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ጾም ገብቶ፣ ኢንጂነሩና ወይዘሮ ሮማን በሐሙስ ቀን ጀልባቸውን አመጡ። ባለፈው ጉዞ አህያ ጭነውት በእሾሃማ ግራር ውስጥ አልፈዋል፤ የቀኝ ጎኑ ወንፊት ሆኗል። ለቅዳሜ ጠዋት ይፈልጉታል። በእግር መንፊያ ነፍቼ፣ ጉንጬን እያስጠጋሁ፣ ቀዳዳውን አንድ በአንድ ፈለግሁ። ባገኘሁት ላይ ሁሉ የክብሪት እንጨት ሻጥ አደረግሁ። «ሰባት!» ብዬ ጮኽሁ፤ ጋሽ ኑሩ በሩ ላይ ሰባት ቁጥርን ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ሆዱን ለማየት ጀልባውን ገለበጥሁት። ሲሚንቶው ላይ ጎተትሁት። እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንደኛው እንጨት ከላይ ብቅ ያለው ጫፉ ተሰብሮ፣ የቀረው ከጀልባው ቆዳ ጋር እኩል ሆነ። አቧራ ሲጨመርበት ዓይን አያየውም።

ሐሙስ ማታ ለጥፌ፣ ድንጋይ ጭኜ አሳደርሁት፤ ዓርብ ቀትር ላይ ጨረስሁ። ያወጣሁትን እንጨት በሰርዲኗ ቆርቆሮ ውስጥ ጥያለሁ። ጀልባው በርሜል ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ የሳሙና ውሃ በስፖንጅ እያፈሰስሁ ሁለመናውን ፈተንሁ። አንድም አረፋ የለም። እንዴት ይኑር? እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ያ የተሰበረው እንጨት አብጦ ቀዳዳውን ከእኔ ልጣፍ ይበልጥ ደፍኖታል።

ጋሽ ኑሩ መስጊድ ናቸው። ስልኬ ጮኸ። ኢንጂነሩ ናቸው።

«ወይዘሮ የሺ፣ ጀልባችን ደረሰ?»

ቆርቆሮዋ አጠገቤ ናት። እጄን ዘርግቼ ብቆጥር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እጄ ማጣበቂያ ነበር፤ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ በላዬ ላይ ቆሞ፣ «አለቃ፣ ተሳፋሪው ሊበላኝ ነው» እያለ ይወተውተኛል።

«ደርሷል» አልሁ።

ጋሽ ኑሩ ከመስጊድ ወደ ገበያ አልፈው ኖሮ ያን ዕለት አልተመለሱም። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ልየው መጥቶ ጀልባውን መኪና ላይ ጫነ። «እታለም፣ ዛሬ ወይዘሮ ሮማን ከእኔ የሚበልጥ ዓሣ ካልያዝሁ አልመለስም ብለዋል» ብሎኝ ሄደ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ኑሩ በሩን ሊጠርጉ ጨርቅ ይዘው ቆሙ። ቆርቆሮዋን መዳፋቸው ላይ ገለበጡ። ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ።

«የሺ፣ ስንት ነበር ያልሽኝ?»

«ሰባት።»

«እዚህ ስድስት ነው።»

«ወድቆ ይሆናል» አልሁ። መሬቱን ዳበስሁ። ጠረጴዛውን ገፋሁ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ከበርሜሉ ሥር ድረስ አየሁ። ጋሽ ኑሩም አብረውኝ አጎንብሰው ይፈልጋሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጣፉስ? ስንት ለጠፍሽ?» አሉኝ።

የልጣፍ ቁራጮቹን ቆርጬ ያስቀመጥሁት ሰባት ነበር። ወደ መሳቢያው ሄድሁ። አንዱ ሳይነካ ተቀምጧል።

«ያ ረቢ!» አሉ ጋሽ ኑሩ።

የልየውን ስልክ ደወልሁ፤ አይገኝም። የኢንጂነሩን ደወልሁ፤ አይገኝም። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ አውቀዋለሁ፤ ግን ደወልሁ፤ ደግሜ ደወልሁ። አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ ነበር። ጋሽ ኑሩ፣ «ጎማህ በነጻ ነው፤ ይቺን ልጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አድርስልኝ» አሉት። የሥራ ጋውኔን አውልቄ፣ ከምስማር ላይ ነጠላዬን መንጭቄ፣ ጣል አድርጌ ተፈናጠጥሁ።

ሞተረኛው በየመሃሉ ዞር እያለ ያየኛል። «አይዞሽ እህቴ» ይለኛል። «ሁሉም የእግዜር ነው።» አልመለስሁለትም። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ስድስቱን ልጣፎች አንድ በአንድ በሐሳቤ እዳስሳለሁ። ሁለቱ ከአፍንጫው በታች። አንዱ ከመቅዘፊያው ማሰሪያ ሥር። ሁለቱ ከኋላ። አንዱ ከጎኑ መካከል። ሰባተኛውስ? ከውሃ በታች ከሆነ እንጨቱ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፤ አብጦ ይይዛል። ከውሃ በላይ ከሆነ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሲደርቅ ይቀጥናል። ሲቀጥን አየሩ ይተፋዋል።

ኋላ ትዝ አለኝ። ጉንጬን ሳስጠጋ ጀልባው የሚጎተትበት የገመዱ ቀለበት ግንባሬን መትቶኝ ነበር። የገመዱ ቀለበት ከላይ ነው።

መንገዱ ያለቀበት ቦታ የኢንጂነሩ መኪና ዛፍ ሥር ቆማለች። ሞተረኛው ሲያወርደኝ እጄን ጨብጦ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ምን ነካው ብዬ አልፌው ሮጥሁ።

ቁልቁለቱ በደህና ጊዜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ስንት እንደፈጀብኝ አላውቅም። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር እየተንሸራተተ ሁለት ጊዜ በመቀመጫዬ ወረድሁ። በወረድሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር እንጨቱ ሲደርቅ ይታየኛል። ልየውን ጾሙ አድክሞታል። ዋና እንደማይችል የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እዚያ ጥልቅ ውሃ ዳር አዞ እንዳለ እረኞች ይናገራሉ። እመቤቴን ጠራኋት። ስእለት ልሳል ስል ምን እንደምሳል ጠፋኝ።

የመጨረሻውን ቋጥኝ ስዞር አየኋቸው። ጀልባው እውሃው መካከል ጸጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱም ጎኑ ሙሉ ነው። ወይዘሮ ሮማን ዘንጋቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ኢንጂነሩ አዩኝና እጃቸውን አወዛወዙ። ልየው ጀርባውን ሰጥቶኛል።

ተመስገን ልል ስል ደግሞ ፍርሃቱ ተመለሰ፤ ገና ዳር አልደረሱምና።

«ልየው! ልየው!» ብዬ ተጣራሁ። ገደሉ ድምፄን ሦስት ጊዜ መለሰው።

ዞረ። አየኝ። መቅዘፊያውን ለቀቀ። ከዚያም ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «እናቴን! እናቴን!» እያለ ቀጥ ብሎ ጀልባው ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ወደ ራሴ ያየሁት። ነጠላዬን ስመነጭቀው ዘቅዝቄ ነው የለበስሁት፤ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። በአገራችን እንዲህ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው። ለካ ሞተረኛው ሲያጽናናኝ የመጣው ለዚህ ነው። ልየውም እኅቱን ከሞጣ ድረስ፣ ነጠላ ዘቅዝቃ፣ ስሙን እየጠራች ስትወርድ ሲያይ ሌላ ምን ያስብ? ቢቸና ያለች አሮጊት እናት አለችን።

«ደህና ናት! እናታችን ደህና ናት! ቁጭ በል!» እላለሁ። ገደሉ «እናታችን፣ እናታችን» ይላል። ልየው ደረቱን ይመታል። ጀልባው ወደ ቀኝ ያጋድላል። ወይዘሮ ሮማን ዘንጋቸውን ጥለው በሱሪው ይዘውታል። ኢንጂነሩ በሌላው ጎን ሚዛን ሊጠብቁ ተኝተዋል።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። እስከ ዳር ድረስ ተሰማ፤ እንደ እባብ ፉጨት ነው። እንጨቱ ወጣ።

ነጠላዬን ከላዬ ገፍፌ መሬት ላይ ጣልሁት። መጮኼን ተውሁ። ጋሽ ኑሩ ሾፌሮች ሲጣሉ እንደሚያደርጉት፣ ዝግ ብዬ፣ ቃል በቃል እየለየሁ ተናገርሁ። «ልየው። ማንም አልሞተም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ሮማን። የገመዱ ቀለበት አጠገብ ነው። ጣትዎን ይድፈኑበት።»

ሴትዮዋ አልጠየቁኝም። በደረታቸው ጎኑ ላይ ተኝተው በመዳፋቸው ዳበሱ። ፉጨቱ ተቆረጠ። «ይዤዋለሁ!» አሉ። «አውራ ጣቴ ላይ ነው! ምን ላድርግ?»

«እንዳይለቁት! ልየው፣ ቅዘፍ!»

አንደኛው መቅዘፊያ ርቆ ተንሳፏል። በቀረው አንድ መቅዘፊያ ቀዘፈ። ባንድ መቅዘፊያ ሲቀዘፍ ጀልባ ይዞራል እንጂ አይሄድም። ኢንጂነሩ በግራ በኩል በእጃቸው ውሃውን ይቀዝፋሉ። ግማሹ አየር ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ቀኙ ጎን ለስልሷል፤ ውሃ በላዩ እየዘለለ ይገባል። ልየው የተቀመጠበት ሰደርያ ተንሳፎ ሄደ። እኔ እስከ ወገቤ ገብቼ እጄን ዘርግቻለሁ፤ እኔም ዋና አልችልም። ልየው ከፍርሃቱ ብዛት ዓይኑን ጨፍኗል፤ ግን ይቀዝፋል። «ግራ! ግራ! አሁን ቀጥ!» እያልሁ እመራዋለሁ።

ገመዱን ያዝሁ። ጎተትሁ። አሸዋው ላይ ሲወጣ የጀልባው ቀኝ ጎን ተኝቶ ነበር። ወይዘሮ ሮማን ጣታቸውን አሁንም አልለቀቁም።

«ሴትዮ፣ ዳር ደርሰናል እኮ» አሏቸው ኢንጂነሩ።

«እሷ ልቀቂ ካላለችኝ አልለቅም» አሉ።

ልየው አሸዋው ላይ ተደፍቶ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እታለም፣ እውነት እናታችን አለች?» አለኝ።

«አለች።»

«ታዲያ ነጠላሽን አስተካክለሽ ብትለብሺ ምን ነበረበት?» ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ወይዘሮ ሮማን ሳቁ፤ ኋላ እሳቸውም አለቀሱ።

ለኢንጂነሩ ሁሉንም ነገርኋቸው። እንጨቱን፣ ቆርቆሮዋን፣ ሰባት ቁጥርን። ልየው ዋና እንደማይችል አውቄ ዝም እንዳልሁም ነገርኋቸው። ሰውየው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ስደውል ደርሷል ብለሽኝ ነበር» አሉኝ።

«ብዬ ነበር።»

አቀበቱን እስክንወጣ፣ መኪናው ጋ እስክንደርስ፣ ሞጣ እስክንገባ አንድም ነገር አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኔትወርክ ሲመጣ ልየው ቢቸና ደወለ። የእናታችን ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማ ነበር፤ «ምነው ድምፅህ? አልቅሰሃል እንዴ? ጾሙ ደከመህ?»

በዚያ በጋ ጀልባቸው ጓዳችን ተሰቅሎ ከረመ። ማታ ማታ ጓዳውን ስዘጋ ቀና ብዬ አየው ነበር። አይመጡም፣ ልከው ያስወስዱታል እያልሁ ክረምቱ አለፈ። በጥር መኪናቸው ደጃችን ቆመ። ወይዘሮ ሮማን አውራ ጣታቸውን ቀስረው እያሳዩኝ ወረዱ። ኢንጂነሩ ሰላም ካሉኝ በኋላ ጥያቄያቸው፣ «ስንት ነበር? ማን ቆጠረ?» የሚል ሆነ። በሩን አሳየኋቸው፤ ጋሽ ኑሩም «እኔ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጀልባ ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ እንዲህ ይጠይቃል፤ ከእሳቸው ነው የተማሩት።

ጋሽ ኑሩ ዛሬ ቤት ይውላሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ጎማ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ክብሪት መጠቀሙን አልተውሁም፤ ከእሱ የተሻለ ምልክት አላገኘሁም። ነገር ግን ለጀልባ ሲሆን ግማሽ አልሰብርም፤ ሙሉውን እንጨት ከነራሱ ነው የምሰካው፤ ቀይ ክርም አስርበታለሁ። ሥራ አስረክቤ ሰው ሲሄድ አሁንም ቆርቆሮዋን እንደገና እቆጥራለሁ። ይኼ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አልልም፤ የሥራው አካል ሆኗል።

ከእኔ በኋላ ለምትሠሩት የምለው አንድ ነገር ነው። ምልክት ያደረጋችሁበት ነገር ራሱ ቀዳዳውን ሊደብቅባችሁ ይችላል። ያስገባችሁትን ያህል ማውጣታችሁን ሌላ ሰው ሳይቆጥር «ደርሷል» አትበሉ።

ልየው ጀልባው በተነፈሰበት ዓመት፣ የፋሲካ ሳምንት እንዳለቀ፣ ዓባይ ዳር ከሚኖር አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወረደ። ሁለት ትልልቅ ቅል ወገቡ ላይ አስሮ፣ ዐሥራ አንድ ቀን እዚያው እያደረ፣ ዋና ተማረ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቅሎቹን ይዞ ተመለሰና ጎማ ቤቱ በር ላይ፣ ቁጥር ከምንጽፍበት ጎን፣ ሰቀላቸው።